የጠፋ መጽሐፍ፦ ዜሮ

«እዚህ ጋ ይቀመጡ እናቴ። እዚያ መተላለፊያው ላይ ነፋስ አለ፣ ወገብ ይይዛል። ይሄ ወንበር ሲያዩት ያነክሳል እንጂ እስከ ዛሬ ሰው ጥሎ አያውቅም። ውጪው እንዴት ነው? ... እሱማ ዘንድሮ ሙቀቱ ጠንክሯል። አውቶቡሱስ፣ ቦታ ሰጡዎት? ... ተመስገን። ዛሬ ለትልቅ ሰው የሚነሣ እኮ ጠፍቷል። ዕቃውን ወዲህ ይስጡኝ፣ እዚህ ጠረጴዛው ሥር ላኑርልዎት።»

ጠራዥዋ ይህን ስትል ጣቶቿ ላይ የደረቀውን ሙጫ እየላጠች ነበር። በዚህ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጥረዛ ክፍል ውስጥ የተገነጠለ ስትሰፋ፣ የተላጠ ስትለጥፍ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖራለች። ለጡረታ አሥር ወር ቀርቷታል። ክፍሏ ከኃላፊው ቢሮ ፊት ለፊት ናት። መሐል ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ሲሞቅ ደግሞ ሁለቱም በሮች ገርበብ ብለው ስለሚውሉ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሲያስነጥስ ወዲህ ያለው «ይማርህ» ይላል።

እናትየው ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምረው መተላለፊያው ላይ ቆመው ቆይተዋል። ልጃቸውን ሊያዩ እንደመጡ ለዘበኛው ነግረዋል፤ ዘበኛው ገብቶ ለኃላፊው ነግሯል፤ ኃላፊውም ቀና ሳይል «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ትጠብቀኝ» ብሏል። ዘበኛው ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርምና ሁሉንም ለጠራዥዋ ዘርግፎላታል። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እኚህ ሴት የማን እናት እንደሆኑ ጠራዥዋ አሳምራ ታውቃለች። የማታውቅ መምሰሏ ግን ታስቦበት ነው።

አንጀቷ አርሯል። ትናንት የዓመቱን ሪፖርት በአራት ቅጂ እንድትጠርዝ ተሰጥቷት ነበር፤ ከመጨረሻው ገጽ ጋር አንድ ደብዳቤ ተያይዟል። «የወጣቶች ንባብ ክፍል ተጠቃሚ የሌለው በመሆኑ ለትርፍ ወንበሮች ማስቀመጫነት እንዲውል» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልእክተኛ መጥቶ ይወስደዋል። ማህተም ከተመታበት ክፍሉ አበቃለት። ከፊት ለፊቱ ቢሮ ደግሞ ማህተሙ መውደቅ ጀምሯል፦ ጧ።

«አይደንግጡ እናቴ፣ ማህተም ነው። የእኛ ቤት የሥራ ድምፅ እሱ ነው። ... ምን አሉኝ? ልጅዎን? አይ አይ፣ የትኛው እንደሆነ አይንገሩኝ። እዚህ ቤት ሃያ ሁለት ሠራተኛ አለ፣ ሁሉም የእናት ልጅ ነው። ካወቅሁ አፌ ይታሰራል። እንዲሁ እንጫወት፣ ጊዜውም ይሄድልናል። ስብሰባ ላይ ነው አሉዎት? ... እንግዲያው ትልቅ ሰው ነው ማለት ነው። እዚህ ቤት ብቻቸውን ስብሰባ የሚቀመጡ ሰው አሉ። በሩን ዘግተው ከራሳቸው ጋር ይወያያሉ፤ ሁልጊዜም በሙሉ ድምፅ ይስማማሉ።

«ስማቸውን አልጠራም፣ ምን አገባኝ። ግን ሰውን ሲያመሰግኑት ነውር የለውም አይደል? እኔ በሕይወቴ እንደ እሳቸው መጽሐፍ የሚወድ አላየሁም። እኔና እርስዎ ምን እንወዳለን፣ ያገኘነውን እንነካለን፣ እንገልጣለን፣ ጥግ እናጥፋለን። እሳቸው ግን ... ንጹሕ ፍቅር ነው። ጣት አያርፍበትም። ስምንት ዓመት እዚህ ሲሠሩ አንድም መጽሐፍ አልተቀደደም። አንድም! እኔ ጠራዥዋ ምስክር ነኝ። መርፌዬ ዝጓል፣ ሙጫዬ ጣሳው ውስጥ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። የእኔን እንጀራ እንኳ ለመጽሐፍ ክብር መሥዋዕት ያደረጉ ሰው እኮ ናቸው።»

ጧ፣ አለ ማህተሙ። ሁለተኛው ቅጂ መሆኑ ነው። ጠራዥዋ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አደረገች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ዝቅ አድርጋ ተናግራለች፣ ቤተ መጻሕፍት ነውና። ዛሬ ግን ዝቅ የማለት ፍላጎት አልነበራትም።

«ሲገቡ የወጣቶችን ክፍል አዩት? በቀኝ በኩል፣ መስታወት ያለው። ... ያምራል አይደል! ሠላሳ ወንበር፣ ስድስት ኮምፒውተር፣ አራት መደርደሪያ ሙሉ አዲስ መጽሐፍ። የወንበሮቹ ላስቲክ እስከ ዛሬ አልተነሣም፤ ላስቲክ ከተነሣ ያቆሽሻሉ። እነማን? እንዴ፣ ልጆቹ ናቸዋ። ክፍሉ እኮ ለእነሱ ነው። ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ላለ ሁሉ ክፍት ነው፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ከሥሩ በትንሹ ደግሞ 'በር ላይ መቆም ክልክል ነው' ይላል፤ እሱ ለጸጥታ ነው።

«ለመግባትም ቀላል ነው፣ አይፍሩ። የልጅ ልጅ ካለዎት ልምከርዎት። ፎርሙን ይሞላል፣ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ ሠራተኛ የሆነ ዋስ። ከዚያ እናት ወይም አባት ራሳቸው መጥተው በአካል ይፈርማሉ፣ በሥራ ሰዓት። ይኼው ነው። ምን ከባድ ነገር አለው? እናቱ ሥራዋን ትታ ብትመጣ አይደል ልጇን ትወዳለች የሚባለው? ... ክፍሉም ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ክፍት ነው። ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚወጣው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው፤ እንግዲህ ይኼ የልጆቹ ጥፋት ነው፣ ትንሽ ቀደም ብለው አይወጡም? ቅዳሜ ደግሞ ጽዳት ነው። ምኑ ይጸዳል እንዳይሉኝ፤ ንጹሕን ማጽዳት ነው ከባዱ።

«እንዲያው ጎጆ የሚወጣ ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል አይጠየቅም።»

እናትየው ፈገግ አሉ፤ የሳቁት ለሙሽራው ነው። ሻርፓቸውን አስተካክለው ወደ ፊት ለፊቱ በር ተመለከቱ። ልጃቸው እዚያ ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ፤ የበሩ ክፍተት ደግሞ ክንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠራዥዋ ያንን አይታ ትንሽ አዘነች፣ ነገሩን ለመተውም ዳዳት። ከዚያ መስኮቷን አየች።

መስኮቷ ሥር፣ የውጪው ደረጃ ላይ፣ እንደ ሁልጊዜው ሦስት አራት ልጆች ተቀምጠዋል። ከመሐላቸው አንዷ ረጅም፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት። ዘበኛው «ዛሬስ» ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ «ዛሬስ?» ስለምትለው ነው። ዛሬ ምክንያቱን እንጃ፣ እሷም ጓደኞቿም ቀደም ብለው መጥተዋል። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፣ በሥራ ሰዓት መጥታ የምትፈርምበት ቀን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ልጅቷ ፎርሙን ላስቲክ ውስጥ አድርጋ ይዛዋለች፣ ሰባት ወሩ ነው። ጠራዥዋ ይህችን ልጅ ትወዳታለች። ጡረታዋ ቢዘገይ፣ ደብዳቤ ቢጻፍባት፣ እሱን ኋላ ታየዋለች።

«እነዚያን ልጆች አይተዋቸዋል? ደረጃው ላይ ያሉትን? ... እነሱም ቤተ መጻሕፍቱን እየተጠቀሙበት ነው፣ እንዳያዝኑላቸው። ጥላውን ይጠቀማሉ። ግድግዳውን ይደገፋሉ። የዋይፋዩ ጫፍ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል፣ እሱን በየተራ ይቀመጡበታል። አንድ መጽሐፍ ለአራት ያነባሉ፣ አንዷ ጮክ ብላ። ታዲያ እኚያ የነገርኩዎት ሰው በመስኮት ብቅ ብለው 'ቤተ መጻሕፍት አጠገብ አይነበብም፣ አንባቢ ትረብሻላችሁ' አሏቸው። የትኛውን አንባቢ ብዬ ዞር ዞር አልኩ ... እኔ ዐይኔ ደክሟል፣ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል።

«አይ፣ ውሸት አልናገርም፣ አንድ ጊዜ ሞልቶ ነበር። እንግዳ የመጣ ቀን። የሠራተኛ ልጆች ተጠርተው፣ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ለሃያ ደቂቃ ገብተው ተቀመጡ። መጽሐፍ ተሰጣቸው፣ ፎቶ ተነሡ፣ መጽሐፉ ተቆጠረ፣ ልጆቹ ተቆጠሩ፣ ወጡ። መግቢያው ላይ የተሰቀለው ፎቶ እሱ ነው። እንዴት ያምራል! አንዷ ልጅ መጽሐፏን አቅፋ የምታለቅሰው አንብባ ተነክታ ሳይሆን ሲቀሟት ነው። ፎቶ አንሺው ፈጣን ነበር።»

ጧ። ሦስተኛው። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። አራተኛው ቅጂ ቀርቷል፣ ከእሱ በኋላ ደብዳቤው።

ጠራዥዋ አጎንብሳ የእናትየውን ከረጢት ከጠረጴዛው ሥር ስታስተካክል፣ ጫፉ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አየች። ዘበኛው ይህንንም ነግሯታል። ሴትየዋ ቤት ሲያጸዱ ከሣጥን ሥር ያገኙትን መጽሐፍ ይዘው መጥተዋል፤ ማንበብ አይችሉም፣ ግን ማህተሙን አይተው የቤተ መጻሕፍት መሆኑን አውቀዋል። «የሰው ዕቃ ነው፣ ልመልስ» ብለዋል። እናትየው አውጥተው ሲሰጧት ጠራዥዋ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸውና ጨርቁን ፈታች።

ያረጀ መጽሐፍ ነው፣ ስለ ባሕርና ስለ መርከብ፣ አንደኛ ቅጽ። ጀርባው ተልጦ በክር ብቻ ይዞ ቀርቷል። ገጾቹ ከመገለጥ ብዛት ጠርዛቸው ጠቁሮ ለስልሷል። እጇ ሲነካው አወቀው። ጀማሪ ጠራዥ ሳለች የሰፋችው ነው፤ ስፌቱ የእሷ ነው፣ ያኔ ክር ታበዛ ነበር። ዓይኗ ውሃ አቀረረ፣ ግን ለማልቀስ ጊዜዋ አልነበረም። ብሩሹን አነሣች፣ የጠነከረውን ሙጫ ሙቅ ውሃ ጨምራ አላላችው፣ የተላጠውን ጀርባ በቢላዋ እየፋቀች ቀጠለች።

«ይኼ መጽሐፍ ... ኧረ እናቴ፣ ይኼ መጽሐፍ ተኖሮበታል! ይዩት፣ እዚህ ገጽ ላይ ወጥ ፈሶበታል። እዚህ ጋ ደግሞ ሻማ ተንጠባጥቧል። እንዴት ያለ ባለጌ ልጅ ነው ያነበበው? ዛሬ ቢሆን እኚያ ሰውዬ ጆሮውን ይዘው ያስወጡት ነበር። በእርሳስ ይጽፍበታል ደግሞ! ላንብብልዎት? 'ይህ መርከብ ለምን አይሰጥምም?' ይላል። ከሥሩ 'ገጽ 40 ላይ ገባኝ።' አዩ ... ገባው። ብቻውን ነው የገባው፣ ማንም አላስጠናውም።

«የውሰት ካርዱም እስከ ዛሬ መጽሐፉ ኪስ ውስጥ አለ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል። ዕድሜ፦ አሥራ አምስት። የተዋሰበት ቀን፦ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል። ስሙ ... ስሙን አላነብም፣ አውራ ጣቴ ሸፍኖታል። መነጽሬም ጥሩ አይደለም። ግን አንድ ነገር ገረመኝ፣ ይኸውልዎት፣ የዋስ ቦታ የለውም። የወላጅ ፊርማ የለውም። ጉርድ ፎቶ የለውም። አንድ ልጅ መጣ፣ 'መጽሐፍ ስጡኝ' አለ፣ ሰጡት። አበቃ! ያኔ የነበሩት ሽማግሌ አስተናባሪ እንዲህ ነበሩ። ልጆች ሲመጡ 'የት ነበራችሁ፣ መጻሕፍቱ ተሰላችተዋል' ይሉ ነበር። ሥርዓት የማያውቁ ሰው! በእሳቸው ጊዜ እኔ ቀን ከሌት ስሰፋ እውል ነበር። ስንት መጽሐፍ እንደተቀደደ ቢያዩ ... ስንት ልጅ ሰው እንደሆነ አልቆጠርንም፣ ለእሱ መዝገብ አልነበረንም።

«መጨረሻው ገጽ ላይ ምን እንደጻፈ ታውቃላችሁ?»

«ታውቃላችሁ» ስትል የምታየው እናትየውን ብቻ ነበር። ፊት ለፊት ያለው ክንድ መንቀሳቀስ አቁሟል። አራተኛው ማህተም አልተሰማም።

«'ነገ ሁለተኛውን ቅጽ እወስዳለሁ' ይላል። ውይ የኔ ልጅ። ወስዶት ይሆን? እኔ እንጃ። ሁለተኛው ቅጽ ግን ዛሬ አለን፣ አዲሱ እትም። የወጣቶች ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ፣ ላስቲኩ ሳይቀደድ። አጠገቡ ያለው የአንደኛው ቅጽ ቦታ ባዶ ነው። የሚገርመው ምን መሰለዎት? ትናንት ሪፖርት ስጠርዝ ... እኔ የምጠርዘውን አላነብም፣ ብቻ ገጽ ስቆጥር ዐይን ያርፋል። 'የጠፋ መጽሐፍ፦ ዜሮ' ይላል። በመጻሕፍቱ ዝርዝር ውስጥ ይኼው አንደኛው ቅጽ፣ 'በቦታው አለ' ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል። እኔ መደርደሪያውን አውቀዋለሁ፣ የለም። ታዲያ ቆጣሪው እንዴት 'አለ' ብሎ ጻፈ? ... አይ፣ መጠርጠር ኃጢአት ነው። ምናልባት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ቆጥሮት ይሆናል።

«ከዜሮው ሥር ሌላ ዜሮ አለ። 'የተቀደደ፦ ዜሮ።' ከሥሩ ሌላ። 'የወጣት አንባቢ፦ ዜሮ።' ሦስቱም በአንድ መስመር፣ እንዴት ያምሩ መሰለዎት። በዚህ ነው ክፍሉ ለወንበር የሚሰጠው። ፍትሕ ነው፤ ወንበር ዋስ አይጠየቅም፣ እጁን ታጠብ አይባልም፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ አይመጣም። ወንበር በእርሳስ 'ለምን አይሰጥምም' ብሎ አይጽፍም። ጸጥ ብሎ ይኖራል። እኚያ ሰው የሚወዱት አንባቢ ተገኘላቸው ማለት ነው።

«እኔ ግን አንዳንዴ ሞኝነቴ ነው፣ አስባለሁ። ያ ባለ እርሳሱ ልጅ ዛሬ በአሥራ አምስት ዓመቱ ቢመጣ ... የት ይቀመጥ ነበር? ደረጃው ላይ፣ ከዚያች ከረጅሟ ልጅ፣ ከ'ዛሬስ' አጠገብ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ። ዘበኛውም ስም ያወጣለት ነበር።»

ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ጠራዥዋ ቀና አላለችም። ክሩን በመርፌው አሾልካ፣ የመጀመሪያውን እጥፍ ከሁለተኛው ሰፋች፣ ሳበች፣ ቋጠረች። ስትናገር የቆየችው ለበሩ ነበር፣ እናትየውን እንደ ሻንጣ መሐል አስቀምጣ። አሁን ስታያቸው ግን ሴትየዋ ፈገግ ማለት ትተዋል። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው መጽሐፉን ያያሉ፣ ከዚያ በሩን ያያሉ፣ ከዚያ ደረጃው ላይ ያለችውን ረጅም ልጅ ያያሉ። ማንበብ አይችሉም እንጂ ሁሉም ነገር ገብቷቸዋል። ከአራት ሰዓት እስከ አሁን ለምን እንደጠበቁም ገብቷቸዋል። ጠራዥዋ አዘነችላቸው፣ ከልቧ አዘነች። ግን ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር፣ ምላሷም አንዴ ከወጣ የሚመለስ ዓይነት አይደለም።

የኃላፊው ጫማ መተላለፊያው ላይ ቆመ። ማህተሙን በእጁ እንደያዘ ነው፣ ቀለሙ ጣቱን ነክቶታል። ከእናቱ ጀርባ ቆመ፣ እናቱ አልዞሩም። ጠራዥዋ መጽሐፉን በሁለት ካርቶን መሐል አድርጋ መጭመቂያው ውስጥ አስገባች፣ እጀታውን አጠበቀች፣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የእናትየውን ሁለት እጅ ያዘች። ድምፅዋ እንደ ማር ጣፈጠ።

«እንግዲህ መጽሐፉ ሙጫው እስኪይዝ ነገ ድረስ ይቆያል። እስከዚያው ልመርቅዎት እናቴ፣ ባዶ እጅዎን አይሂዱብኝ። ልጅዎ የትኛው እንደሆነ አላውቅም፣ ማንም ይሁን። እኚያ የነገርኩዎት ሰው መጻሕፍታቸውን እንደሚጠብቁ፣ ልጅዎም እርስዎን ይጠብቅዎት። አቧራ አይንካዎት፣ ፀሐይ አያግኝዎት። በሚያምር ክፍል ውስጥ ያኑርዎት፣ ቁልፉን በኪሱ ይያዝ። እጁን ያልታጠበ የልጅ ልጅ ዘሎ አይቀፍዎት። በዓመት አንድ ቀን እንግዳ ሲመጣ ይክፈትልዎት፣ አጠገብዎ ቆሞ ፎቶ ይነሣ። ዕድሜዎ ይርዘም፣ ሲቆጥርም ሳያይዎት 'በቦታዋ አለች' ብሎ ይጻፍልዎት። ... አሜን ይበሉ እንጂ እናቴ።»